ናስትሮውን ከታች ወደ ላይ

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ዛሬ የሬዲዮ ጥገና ከሚያስተምሩኝ ከጋሽ ገመቹ ጋር የሬዲዮ ማቀባበያው ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ። ከነቀምቴ ስንናገር ድምፃችንን ተቀብሎ አርጆ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ዝም ብሏል። ስልክም ተቋርጧል። እህቴ ጫልቱ አርጆ ናት፤ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል።

ጋሽ ገመቹ የአንቴናውን ገመድ መጋጠሚያ ሲፈቱት ውሃ ተንጠባጠበ። ደነገጥኩ። ሰኔ ላይ ውሃ እንዳይገባው ናስትሮውን ከላይ ወደ ታች የጠቀለልኩበት እኔ ነኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ በቀስታ።

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ናስትሮ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች ጀምረሽ እየደረብሽ ትወጫለሽ። በይ ያዢ።"

መጋጠሚያውን አድርቀው ናስትሮውን ለእኔው ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ጠቀለልኩት፤ ቆመው ጠበቁኝ። ከዚያ ሬዲዮውንም አቀበሉኝ።

"እርስዎ ይናገሩ" አልኳቸው አፍሬ።

"እዚህ ከላሞቹ በቀር ማን ያይሻል?" ብለው ሳቁ።

"ጫልቱ እንዴት ናት?" አልኩ። የአርጆ ጤና ጣቢያ ሲስተር መለሰች፦ "ጮክ በይ እንጂ! ትናንት ወልዳለች፣ ወንድ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው!"

ለእሳቸው መጠቅለሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን ለእኔ ተዉልኝ። ጌታ ይባርካቸው። ይኸው አሁን፣ ነቀምቴ ከተመለስን በኋላ፣ ዝናብ ጀመረ፤ ጆሮዬ ሬዲዮው ላይ ነው። አሁንም ከአርጆ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፤ ውሃ አልገባም።