ለኮርኒስ የተላኩት ሁለት ሳንቃዎች

ኮልፌ፣ ግንቦት 9 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወዬሳ ዳባ፤ ደሴ።

እንደምን ከርመሃል? እኔ አለሁ። ድሮ ቢሆን «እንደምን ከረሙ» ብዬ እጀምር ነበር። አንቱታውን አንተው ይዘኸው ሄድህ፤ እንግዲህ በዚሁ ቻለኝ።

ይህን ወረቀት የሰጠህ ሾፌሩ ከሊፋ አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ። መልስ እንዲያመጣልኝ ነው። አታባርረው።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ አትድከም፤ የእኔ ነው። ደሴ ላይ ሌላ ሴት ማግባትህን የጻፍህልኝ ጊዜ ደብዳቤህ የተነበበልኝ ጠጅ ቤት ደጃፍ ነበር፤ ጸሐፊው ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንዱ ጠጪ «አይዞሽ፣ ሌላው እኮ ሳይጽፍ ነው የሚጠፋው» ብሎ አጽናናኝ። ከዚያ ወዲያ ጉዴን ራሴ ላንብበው ብዬ በዐርባ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርሁ። ያስተማረችኝ ሚሲዮን ቤት ያደገችው ጎረቤታችን ዱሬቲ ናት። መጀመሪያ አመድ ላይ በጣቷ፣ አንተ የላክኸው እንጨት ከመጣ በኋላ ደግሞ በቁራጩ ላይ በከሰል። የተጣመመ ፊደል ካየህ የእጄ ነው፤ ደክሞኛል።

ስለ እንጨቱ ልንገርህ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከሊፋ ዐሥሩንም ሳንቃ አንድ ሳይሰበር በካሚዮኑ አደረሰልን። ጣሊያን የአራዳውን ቤታችንን አፍርሶ ወደዚህ ካስነሣን ጀምሮ እናትህና እኔ ሁለት ክረምት ያሳለፍነው በልጅነት ጓደኛህ በቀጄላ ጎተራ ጥግ ነው። ሳንቃው ሲወርድ እንደ ሠርግ ሰው ተሰበሰበ።

«ኮምፔንሳቶ ይሉታል» አለ ከሊፋ። «ስስ ስስ እንጨት እየደራረቡ በሙጫ ያጣብቁታል። ደሴ ላይ ፈረንጆቹ በዚህ በሦስት ቀን ቤት ያቆማሉ። ስምንቱ ለግድግዳ ነው ብሏል። ሁለቱ ለኮርኒስ፤ ከእናቴ መኝታ በላይ ይመታልኝ፣ ጠብታ እንዳያገኛት ብሏል።»

እናትህ ዓይናቸው እንደደከመ ታውቃለህ። እጃቸውን ሰደው ዳሰሱት።

«ይህን የመሰለ ልስልስ ነገር ለግድግዳ?» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይሁን?» አለ ከሊፋ።

«ለእኔ ነዋ! ልጄ አናጢ ሆኖ ሳለ በሰሌን ተጠቅልዬ ልሂድ?»

ከሊፋ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «እርስዎ ሁላችንንም ቀብረው ነው የሚሄዱት» አልኋቸው።

በየካቲት ቀጄላ አንተ ጥለኸው በሄድኸው መጋዝ እየቆረጠ ስምንቱን በቋሚው ላይ መታቸው። ከላይ ሣር ከደንነው። ሁለቱን የኮርኒሱን ቀን ሲገኝ እንመታዋለን ብለን ቆጥ ላይ ሰቀልናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ ያምር ነበር። አላፊ አግዳሚው በጣቱ እያንኳኳ ያልፋል። ቀጄላማ «ወለተጻድቅ፣ እንደ ሻይ ቅጠል በሣጥን መኖር ጀመርሽ» እያለ ቀለደብኝ። የነፈሰ ቀን ግን ግድግዳው ይጮኻል። እናትህ «ከበሮ ውስጥ ነው ያስገባሽኝ፤ ጭቃ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?» አሉ። እኔም ያልተመረገ ግድግዳ አይቼ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ቤት ሲሠራ ይመረጋል፣ አለቀ። ከሊፋ እንዴት እንደሚመታ ነገረን እንጂ እንዳትመርጉት አላለንም።

በመጋቢት ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ አቦካሁ፣ ሳምንት አቆየሁት፣ ውስጥና ውጩን መረግሁት። አንተ ብታይ ትጮህ ነበር። አልነበርህም።

ጭቃው ሳይደርቅ ዝናቡ መጣ። እንጨቱ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ከዚያ ቅጠል በቅጠል ይላጥ ጀመር፤ ምርጊቱም ገበታ ገበታ እያከለ ወደቀ። ፋሲካን በእርጥብ ቤት ዋልን። የእናትህ መደብ በዚያ በኩል ነበር። ሳሉ የጀመራቸው ያኔ ነው። መደቡን ወደ በሩ ላዙረው ብላቸው «እዚሁ ይሻለኛል፣ የልጄ እንጨት አጠገብ» አሉኝ።

ዱሬቲ መጥታ ስታይ ጮኸችብኝ። «እትዬ፣ ይህ በሙጫ የተያዘ እንጨት ውኃ ይችላል? ማን ምረጊው አለሽ?»

እናትህ ከመደባቸው ቀና አሉ። «ኢንታላ ኮን አትቆጪብኝ» አሏት። ልጄን ማለታቸው ነው። «ምረጊ ያልኋት እኔ ነኝ።»

በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም፤ «የአራዳዋ እመቤት» ነበርሁ። የዚያን ቀን ብቻ አሉኝ። ግን ጭቃውን ያቦካው የእኔ እግር ነው፣ የመረገውም የእኔ እጅ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ብትቆጣ መብትህ ነው።

የሳላቸውን ነገር በከሊፋ ጠይቀኸኛል። ከሚያዝያ ዐሥራ አራት ወዲህ አልሳሉም። ቅዝቃዜውም ቀርቶላቸዋል። ለገና የላክህላቸው ጋቢ ላያቸው ላይ ነው፤ አላወለቅሁባቸውም። አይዞዎት የሚላቸው ያጡ እንዳይመስልህ፤ ዱሬቲም እኔም ከአጠገባቸው አልተለየንም። ስምህን ጠርተዋል፣ ከክፉ ነገር ጋር አይደለም።

ሁለቱ የኮርኒስ ሳንቃዎች ጭቃ አልነካቸውም። ቀጄላ በመጋዝህ ቆረጣቸው፣ ጠርዙን ላገው፣ በምስማር ገጠማቸው። አየር አያስገቡም። አንተ ብትሠራው ከዚህ አይበልጥም። እንዳዘዝኸው ከእናትህ በላይ ናቸው።

አሁን የምጽፍልህ ለአንድ ነገር ነው፤ ና። የመኝታው ጎን ግድግዳ ተከፍቷል፣ ምንጣፍ ጋርጄበታለሁ። ከሰኔ በፊት ካልተዘጋ ቤቱ አይቆምም፤ ቤት ያልቆመበትን ቦታ ደግሞ ሹሞቹ ለሌላ እንሰጣለን ብለውናል። ከግንቦት ሃያ ሦስት እንዳታልፍ። ከዚያ በኋላ ብትመጣ ለእኔም ለአንተም አይጠቅምም። ፈረንጁ አለቃህ የይለፍ ወረቀት አልሰጥም ካለህ ግድግዳዬ ወደቀ በለው። ውሸት አይሆንብህም።

ሚስትህም ካሰበች ትምጣ። ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ በደንብ አንብበው። አልጣላትም፣ የጠብ ጊዜ አይደለም። ጠላ ጠንስሻለሁ፣ የሚመጣ ሰው አይቸገርም።

አንድ ነገር አደራ። ከካሚዮኑ ስትወርድ ቀጥታ ወደ እኔ አትምጣ። አንተና እኔ ከአንድ ጣሪያ ሥር የምናድር ሰዎች አይደለንም። ቀጄላ ቤት መኝታ ተዘጋጅቶልሃል። እዚያ ጠግበህ ብላ፣ እዚያ እደር። ሲነጋ ቀጄላና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ራሳቸው ይዘውህ ይመጣሉ።

እኔ ከደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

እግዚአብሔር ለመንገዱ ጽናቱን ይስጥህ።

ወለተጻድቅ