የሰባት ቤት ቆጠራዬ እርማት

እኔ ሀብቱ ዘለቀ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ፣ ኩላሊቴ እንጂ አእምሮዬ ያልደከመ፣ ዛሬ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስደት በምኖርባት በኦሮራ ከተማ በሚገኘው ቤቴ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፉልኝ ወይዘሮ ዓለምነሽ ተካ ናቸው፤ ወዳጄ ሊዑል አባተም አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል።

ቤቴን ለልጄ ለሲናና ለባሏ ለኡቼ እኩል ሰጥቻለሁ። ኡቼን የጨመርኩበትን ምክንያት ልናገር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌ ሲልክብኝ «መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር» ብዬ ዓመት ሙሉ አጉላላሁት። ከናይጄሪያ ሰው ጋር ዝምድና ይገኝብናል ብዬ አልነበረም፤ ልጄን መስጠት ስላልፈለግኩ ነው።

አባቱ አቶ ንዋፎር የኢግቦ ሰው ናቸው። ከጎረቤት ከተማ ከሊትልተን መጥተው አያቶቻቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩና ኤሪ ዘንድ ደረሱ። ኤሪ ፈጣሪ ከሰማይ ያወረደው የመጀመሪያ አባታቸው ነው አሉ። ሲወርድ ምድር ረግረግ ስለነበረች ኩይሳ ላይ ተቀመጠ፤ ኋላ አንጥረኛ ተልኮለት መሬቱን በወናፍ አደረቀለት። ይህን ጨርሰው «እርስዎስ?» አሉኝ።

እኔ ከአባቴ ከዘለቀና ከአያቴ ከውቤ በላይ አላውቅም። ከሰማይ ለወረደ ሰው ሁለት ስም ይዤ መቅረብ አፈርኩና አምስት ጨመርኩ። እስከ አምስተኛው አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ። ስድስተኛውን አባተ፣ ሰባተኛውን ጉራች አልኩ።

ሲና ጻፈችው፤ የልጅ ልጄ አጸደ በቃሏ ያዘችው። ባለፈው እሁድ «አባባ፣ ጉራችም እንደ ኤሪ ከስካይ ነው የወረደው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉራች የአባቴ የእርሻ በሬ ነበር። ልጅቷን እንደዋሸሁ መሞት አልፈለግኩም።

ስለዚህ ከውቤ በላይ ያለው ሁሉ ይሰረዝ። የአቶ ንዋፎር ቆጠራ እንዳለ ይቆይላት። ኡቼም ይቅር ይበለኝ፤ ለዳያሊሲስ በሳምንት ሦስት ቀን ግሌንዴል የሚያመላልሰኝ እሱ ነው።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ይህን ሲጽፉ ሊዑል ለምስክርነት ሊፈርምበት ያነሣውን እስክሪብቶ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው አባተ የእኔ አባት ናቸው?»

«ናቸው።»

«ሳይጠይቁኝ ከበሬ አጠገብ አስቀመጧቸው?»

«በአጸደ በኩል ከኤሪ ጋርም አዛምጃቸዋለሁ። ልሰርዛቸው?»

እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። «በሬው ይውጣ፤ እሳቸው ይቆዩ» አለ።

ተናዛዥ፦ ሀብቱ ዘለቀ (ፊርማ)

ጸሐፊና ምስክር፦ ዓለምነሽ ተካ (ፊርማ)

ምስክር፦ ሊዑል አባተ፣ አባቴ እንዲቆዩ ተስማምቼ (ፊርማ)