ሞተር ሳያስነሡ ጭስ ለሚመረምሩት ክቡር ኃላፊ

ወደ ክቡርነታቸው ከመዞሬ በፊት ለእናንተ ለአንባቢዎቼ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር በጆሯችሁ ልበላችሁ። በጎረቤቴ በታሂር አሮጌ የቤት መኪና ከቆቦ ወደ ሮቢት በሄድኩ ቁጥር ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን አጠገቤ በምትቀመጠው በመምህርት ፈሪሀ ሽቶ ላይ ጭኜ፣ በየጸጉር ቤቱ ሳማት ከረምኩ። ምስኪኗ ሽቶውን ተወች፤ ራስ ምታቴ ግን አልተወኝም። ለካስ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ማርሚታ የሚያወርደው፣ ጋራዦች ማኒፎልድ የሚሉት የፋብሪካ ብረት ተሰንጥቆ ኖሯል። እኛም አቧራውን ፈርተን መስኮት እየዘጋን ጭሱን ስንምግ ኖረናል። ፈሪሀን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አሁን ወደ ደብዳቤው።

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎስ ቬንትሌተር ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሳሉ በቀር ደህና ነን።

ጉዳዬ የታሂር እናት የእማማ ዓሊማ ደረት ነው። አስም አለባቸው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑም ወልድያ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። ሐኪሙ ጭስ እንዳይጠጋቸው ሲያስጠነቅቃቸው፣ ታሂር የመኪናዋ የፋብሪካ ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዓመት ስለሆነው፣ ሌላ አምራች የሠራውን፣ አራት ቱቦ ሆኖ ታች ላይ አንድ የሚሆነውን ማኒፎልድ ከአዲስ አበባ አስመጣ። መካኒኩ ዘካሪያስ ዝገት የበላቸውን ብሎኖች ለማውጣት ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። በመገጣጠሚያው መሃል ጭስ እንዳያሾልክ የሚያሽገውን አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ አጠበቀው፤ ሞተሩን አስነሥቶም መዳፉን ዙሪያውን ጠጋ እያደረገ ጭስ ቢፈልግ አጣ። ድምፅዋ ትንሽ ጎርነን ማለቱን አልክድም። እማማ ዓሊማ ግን ወልድያ ድረስ አንዴም ሳይስሉ ሄደው፣ «ወላሂ ልጄ፣ ዛሬ መኪናዋም ተነፈሰች» ብለው መረቁት።

ታዲያ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ የተሰነጠቀውን ብረት ሦስት ዓመት በተከታታይ «ደህና ነው» ብለው ቦሎ ስለሰጡት እግዜር ይስጥልኝ። መርማሪዎ ኮፈን አስከፍተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ጠቆም አድርገው ያልፋሉ። ያልተነሣ ሞተር እንደማይጨስ ከእርስዎ ቢሮ ተምረናል።

፪ኛ፦ ዘንድሮ ጭስ የማያፈሰውን «የፋብሪካ አይደለም» ብለው ስለጣሉት ክብረት ይስጥልኝ። ታሂር «ጌታዬ፣ አንዴ ላስነሣውና እጅዎን ጠጋ አድርገው ይዩት» ብሎ ቢለምን፣ «እኛ የምናየው ዕቃውን ነው፤ አሮጌውን መልሰህ ና» ተባለ። የቦሎው ጊዜ ሲያበቃም ትራፊኮች ታርጋውን ፈቱት።

፫ኛ፦ ጉርብትናችንን ስላጠነከሩልን። ያ ስንጥቅ ብረት ዛሬ በቆቦ እንደ ሙሽራ ጌጥ የውሰት ዕቃ ሆኗል። እንደ ታሂር ያለ መኪና ይዞ እንደ እሱ ማኒፎልዱን የለወጠው ጎረቤታችን በድረዲን ለምርመራው ቀን ወሰደው፣ አለፈ። ጀሚልም እንዲሁ ከእሱ ተቀብሎ አሰረው፣ አለፈ። ጠዋት ይታሰራል፣ ከሰዓት ይፈታል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። «አንተስ ምን ያሞኝሃል?» ብለው ታሂርን ሳቁበት። እሱማ ሊያስረው ነበር፤ እናቱ ናቸው የከለከሉት። «በውሸት ባለፈ መኪና ሐኪም ዘንድ አልሄድም። ብስልም እስላለሁ» አሉ።

ሳሉም። ባለፈው ቀጠሯቸው በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፍረን ጎብዬ ስንደርስ ትንፋሽ አጠራቸው። አውርደናቸው መንገድ ዳር ክንዴ ላይ ተደግፈው፣ አየር ለመሳብ አፋቸውን ሲከፍቱ የጭነት መኪና ጭሱን ለቆባቸው አለፈ። ያ የጭነት መኪና፣ ክቡርነትዎ፣ ቦሎው የዘንድሮ ነበር። እዚህ ላይ ምስጋናው አፌ ላይ ደረቀ። ሴትዮዋ ሊሞቱብኝ ነበር! ልጃቸው ያደረገው ሁሉ ያ እንዳይሆን ብሎ ነው፤ የጠየቀዎትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁልፍ ያዙሩና ይዩት።

ማክሰኞ ሌላ ቀጠሮ አለባቸው። እስከዚያ አንድ መርማሪ ሞተር እንዲያስነሣ ይፈቅዱ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከመንበርዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ጥላዎ እንዳይጎድል የምትመኝ፣ ለረጅም ዕድሜዎም ንጹሕ አየር የምትለምን፣
ወለላ ካሳው፣ ከቆቦ

ማስታወሻ፦ ያንን ስንጥቅ ብረት ከጀሚል ተቀብዬ፣ አሳጥቤ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ቢሮዎ በር ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። በሕጉ ፊት ያለፈው እሱ ብቻ ስለሆነ ቦሎውን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለት፣ የተፈታውንም ታርጋ ይግጠሙለት፤ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ እማማ ዓሊማን ወልድያ ያድርስልን። እኔ ከእሳቸው ጋር በራቸው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የመጣውንም የቀረውንም በስሙ እየጠራሁ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ።