አውራ ጣትህን በሎሚ ያጠፋሁ ቀን

ለሽፈራው፣ ለድሬዳዋ ብቸኛው የእንግሊዝ ብር ዳኛ፣ ለጠበኛዬ፤

ከሄድክ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ያለህበት እንዴት እንደሆነ አልጠይቅህም። ሙቀት ከሆነ፣ ዕድሜህን ሙሉ ድሬ ኖረህ የትም ብትመደብ አይከብድህም። ብርድ ከሆነ ደግሞ ቻለው፤ ሹራብህን ልጃችን ሜሮን ለሰፈሩ ጥበቃ ሰጥታዋለች።

ደብዳቤውን አደባባይ የማወጣው ቤት ውስጥ ከነገርኩህ አንዱንም ሰምተህ ስለማታውቅ ነው። ሰው ባለበት ስናገርህ ግን ታፍርና ታዳምጥ ነበር። ስለዚህ ሰው ይስማ፤ አንተም አዳምጥ። ንግሥትህን ወልውያታለሁ፤ ከላይዋ ላይ የአውራ ጣትህን አሻራ አጥፍቻለሁ። መመለሻ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ይህን የሚያነብ ሰው ግራ እንዳይገባው የምታውቀውን መልሼ ብነግርህ አትቆጣ። አንተ የባቡር ጣቢያው ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርክ። በእረፍት ቀንህ፣ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ደግሞ በየቀኑ፣ ከሰፈራችን ከከዚራ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ገበያ፣ አዩብ ብር ሠሪው ሱቅ ትገባለህ። አዩብ አሮጌ ብር ገዝቶ፣ አቅልጦ፣ አምባርና ጉትቻ ያደርገዋል። አንተ ከማቅለጫው አፍ ትነጥቀዋለህ። በኤደንና በበርበራ ወደብ በኩል ከነጋዴ ጋር የገባ፣ ከእንግሊዝ ወታደር ኪስ የወደቀ፣ የአያት ሳጥን ውስጥ የከረመ ሽልንግ ሁሉ ወደ አንተ ፍርድ ቤት ይመጣል። አዩብ በሚዛን ይፈርዳል፤ አንተ በመስኮት። ብሯን በሁለት ጣት በጠርዟ ብቻ ይዘህ፣ ወደ ብርሃኑ ዘንበል ቀና ታደርጋታለህ። ላይዋ ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ከዞረ ፊትህ ይፈካል፤ ካልዞረ ልጅ እንደሞተበት ሰው ትተክዛለህ። "አቦ ሽፌ፣ ብር ነው የምታየው ወይስ ራጅ?" ይልሃል አዩብ። አንተ ችሎት ላይ ነህ።

ላያቸው ላይ ያለው ምስል በታሸበት መጠን ደረጃም አውጥተህላቸው ነበር። ከሰው እጅ ያልገባችው "ሙሽራ"። ጉንጯና ቅንድቧ ላይ ትንሽ ብቻ የታሸችው "ጫጉላ የጨረሰች"። ጸጉሯ ተጠርጎ ፊቷ ግን የሚለየው "ባለትዳር"። ንጉሥ ትሁን ንግሥት የማትታወቀው "ጡረተኛ"። አንድ ቀን እኔስ የትኛዋ ነኝ ብዬ ጠየቅሁህ። ከመነጽርህ በላይ አይተኸኝ፣ ጠርዜን የምትፈልግ ይመስል አገላብጠህ፣ "በዚህ ብርሃን አልፈርድም" አልከኝ። ፈሪ።

ከሁሉ የከፋው ስለ ጥቁረት የምታስተምረው ነው። ቆሻሻ አይደለም ትላለህ፤ ብሩ መቶ ዓመት አየር ሲተነፍስ የለበሰው ልብስ ነው። መጀመሪያ ማር ይመስላል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ላይ ይጠቁራል። የእውነቱ ከሥሩ ብርሃኑ ይዞራል፤ የውሸቱ እንደ ጫማ ቀለም ላይ ላዩን ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ብር ነጭ ነው ብላ ያሳደገችኝ እናት ልጅ ነኝ። መስቀሌም፣ ሰንሰለቴም፣ የሰርጋችን ማንኪያዎችም ለፋሲካ በአመድና በሎሚ ተፈትገው ያበራሉ። ያንተን የብር ሳጥን ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሎሚዬ ጠበቅህ። ከቀፊራ ገበያ ሎሚ ገዝቼ ስገባ የምታየኝ አስተያየት፣ ቢላ ይዤ የገባሁ ነበር የሚያስመስለኝ።

አሁን ወደ ንግሥቲቱ ልምጣ። ያቺ ትልቋ የእንግሊዝ ብር፣ ሀፍ ክራውን የምትላት፣ ራሷ ላይ ዓይነ ርግብ የጣለች አሮጊት ንግሥት ያለችባት። ያገኘሃት በተገናኘን ሰሞን ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠኸኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዓይነ ርግቧ አወራኸኝ። ባሏ ሞቶባት አርባ ዓመት ጥቁር ሳታወልቅ የሞተች ናት አልከኝ። ለጋብቻ ጥያቄ ይህን መግቢያ ያደረገ ወንድ ከአንተ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ብር በጠርዝ ብቻ የሚይዘው ሰውዬ፣ አውራ ጣትህን ከንግሥቲቱ አንገት ጀርባ ጭነህ፣ ጨብጠህ፣ "ታገቢኛለሽ?" አልክ። በዚያ በሰኔ ሙቀት ላብህ ከክንድህ ወደ መዳፍህ ይወርዳል። እኔ መልሱን ከሳምንት በፊት ጨርሼው ነበር። ግን ጨዋታ አምሮኝ አሥር ደቂቃ ያህል የባቡሩን ሐዲድ እያየሁ ዝም አልኩህ።

ያ አሥር ደቂቃ ብሯ ላይ ቀረ። መጀመሪያ አይታይም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ፣ ማር መሳይ ቀለሟ መሀል የአውራ ጣትህ መስመሮች ቡናማ ሆነው አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ዙሪያዋ ሰማያዊ፣ መሀሏ ማር፣ አጠገቧ ጣትህ። አንተ አንድም ቀን አልጠረግኸውም። ላየ ሁሉ ግን ትከሰኝ ነበር። "ይህቺ ሙሽራ ነበረች፣ ሚስቴ ናት ያስረጀችብኝ። አሥር ደቂቃ ባትቀልድ ኖሮ!" ትላለህ፤ አዩብም ይስቃል፣ ገበያተኛውም ይስቃል። ለእኔ የሕይወቴ ቀን፣ ላንተ ጉዳት ነበረች። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ከዚያ ሞትክ። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበስኩ፤ በድሬ ፀሐይ ጥቁር መልበስ ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ተዝካርህ ወጣ፣ የዕድር ሴቶች መጡ፣ "በይ አልጋነሽ፣ ይበቃሻል" ብለው ጥቁሬን አስወልቀው ነጭ አለበሱኝ። ሲሄዱ ቤቱ ጭር አለ። እኔ ነጭ ለብሼ ቆሜያለሁ፤ ሳጥንህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከፈትኩት። ንግሥትህ ከነጥቁሯ። አየህ፣ ያን ቀን ያሰብኩት እንደ ሴት ነው እንጂ እንደ ዳኛ አይደለም። ይህቺም ምስኪን፣ ባሏንም አንተንም አልቅሳለች፤ እሷም ታውልቅ አልኩ። ሎሚ ቆረጥኩ፣ አመድ አመጣሁ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሰማያዊው ሄደ፣ ማሩ ሄደ፣ ሁሉም በጨርቁ ላይ ቀረ። በቧንቧ ውሃ አለቀለቅኋት፤ የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ነጭ ነጠብጣቡን ጥሎባት ደረቀ። እንደ አዲስ ማንኪያ አበራች። ኮራሁ ብልህ ታምነኛለህ? ወደ ፎቶህ አዞርኳትና "አየህ፣ ይኸው ነጣች" አልኩህ።

ወደ ቦታዋ ልመልሳት ፖስታዋን አነሳሁ። ያቺን ብሮቹን አንድ በአንድ የምታስቀምጥባትን ትንሽ የወረቀት ፖስታ። ላይዋ ላይ በእርሳስ የምትጭረውን ከዚያ በፊት አንብቤው አላውቅም፤ ጉንዳን ይመስላል። ያን ቀን መነጽሬን አደረግሁ። "ሙሽራ" ይላል። ከሥሩ ደግሞ "ባለ ጣት። አይሸጥም። እንዳይነካ።"

ሽፈራው፣ አንተ ሌባ። አዩብ የእናቱን ሽልንግ አንድ ደረጃ ከፍ አድርግልኝ ብሎ ሲለምንህ እንቢ ያልክ ሰውዬ፣ የገዛ አጎትህን "ጡረተኛ ነው ያመጣኸው" ብለህ ያስቀየምክ ሰውዬ፣ አንዲት ፍርድ አዛባህ። በአደባባይ አወረድካት፣ በወረቀት ሙሽራ አደረግካት። ያቺን አሥር ደቂቃ ጉዳት ብለህ አልጻፍካትም። ይህን ያወቅሁት ጣትህ ከሎሚው ጋር ጨርቄ ላይ ከቀረ በኋላ ነው። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ሠላሳ ሁለት ዓመት ስታሾፍብኝ፣ አንዲት ማክሰኞ እንኳ ትዝ ብሎህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ ወዲያ ጣትህን ፍለጋ ቤቱን አመስኩት። ማጉያ መነጽርህን ሜሮን በሳሙና አጥባዋለች። የንባብ መነጽርህን እኔ በቀሚሴ ጫፍ ወልውዬዋለሁ። የቀበሌ ወረቀቶችህን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም ላይ በዚያ በተጠማዘዘ ፊርማህ ፈርመሃል። ጸሐፊ ነኝ ብለህ ስትኮራ አንዲት አሻራ ለመንግሥት አልሰጠህም። ምነው ያልተማረ ባገባሁ ኖሮ! ለዲጂታል መታወቂያ አሻራ ስጥ ሲሉህም፣ ወረፋው ረጅም ነው ብለህ ከበሩ ተመለስክ። ያን ቀን ሻይ አፍልቼ ጠበቅሁህ፤ ደግ አደረግህ ብዬህ ነበር።

እንዳትስቅብኝ፤ መልሼ ላጠቁራትም ሞክሬያለሁ። አንድ ጊዜ አጭበርባሪዎች ብር በተቀቀለ እንቁላል ያጠቁራሉ ብለህ ስትረግማቸው ሰምቼ ነበር። ሦስት እንቁላል ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ ከንግሥቲቱ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከደንኳት። በሦስተኛው ቀን ስከፍት ሽታው ጎረቤት አስጠራ። እሷም ጠቁራለች፤ ግን ጥቁረቷ የተመታ ሰው ዓይን ዙሪያ ይመስላል። ይዣት በባጃጅ ወደ አዩብ ሄድኩ።

አዩብን ታውቀዋለህ፤ ብር የሚይዘው እንደ ቲማቲም በሙሉ መዳፉ ነው። ያን ቀን እጁን ቀሚሱ ላይ ጠረገና በሁለት ጣቱ በጠርዟ ያዛት። ሚዛኑን አልነካም። ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ልክ እንዳንተ ዘንበል ቀና አደረጋት። "ወላሂ አልጌ፣ ይቺ ተቀብታለች እንጂ አልጠቆረችም" አለኝ። ቀጥሎ፣ "እንቁላሉን ብትበዪው ይሻል ነበር" አለ፤ ግን አልሳቀም። ተመልሳ በራሷ ለመጥቆር ስንት ይፈጅባታል አልኩት። "በድሬ ደረቅ አየር? ሠላሳ ዓመት በይው። የሚመለሰው ጥቁረቱ ነው። የሽፌ ጣት ግን ሄዷል፣ አቦ።" ፊቱን ወደ ማቅለጫው አዞረ።

ይህን የመሰለ የምሥራች ይዤልህ ከቀረብኩ ዘንዳ የቀረውንም ልንገርህ። ማራገቢያው መዞር አቁሟል፤ ድምፁን ብቻ ያሰማል፣ እንደ አንተ በመጨረሻው ወር። ሜሮን፣ ሳቢያን ሰፈር መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ትለኛለች፤ ቤቷ ሴራሚክ ነው፣ እኔ ሴራሚክ ላይ እንደ ግመል እንሸራተታለሁ። አዩብ ሱቅ የነበረችው ወንበርህ ላይ አሁን የስልክ ቻርጀር ተከምሮባታል። ሽልንግ የሚያመጣ ሰው ካለ አዩብ በሚዛን አይቶ ወደ እሳቱ ይልከዋል። የሚነጥቅ የለም። ፍርድ ቤትህ ተዘግቷል፤ ይግባኝም የለም።

የእንቁላሉን ቀለም አጥቤላታለሁ። አሁን ነጭ ናት፣ ባዶ ናት። በየጠዋቱ ወደ መስኮቱ ይዣት ዘንበል አደርጋታለሁ፤ ብርሃኑ አይዞርም። ሎሚው እሱንም ወስዶታል። ጣትህ የነበረበት ቦታ ላይ የሚታየኝ የራሴ አፍንጫ ነው። ፖስታዋ ላይ ያንተን እርሳስ አልሰረዝኩም፤ ከሥሩ ግን በእስክሪብቶ "ተወልውላለች። ጣት የላትም። አልጋነሽ" ብዬ ጽፌያለሁ። ያንተን ፍርድ ልቀይር አይደለም። ወንጀለኛው በስሙ ይታወቅ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አድርጌያለሁ። ጥቁሬን መልሼ ለብሼዋለሁ። የዕድር ሴቶች አፋቸውን ይዘዋል፤ አንዴ የወለቀ ተመልሶ አይለበስም፣ ሌላ ሞት ይጠራል ይላሉ። ሜሮን "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?" ብላ አለቀሰች። ሰው የሚለውን ይበል። ንግሥትህን ያለ ፈቃዷ ያስወለቅኋት እኔ ነኝ፤ እሷ መልሳ እስክትለብስ እኔ እለብስላታለሁ። በሎሚም በጨርቅም በጣቴም አልነካትም፤ በጠርዟ ብቻ። የረሳሁህ የመሰለህ ቀን ወደ እሷ እይ፤ ነጭ እስከሆነች ድረስ እኔ ጥቁር ነኝ። አዩብ ሠላሳ ዓመት ብሏል፤ እኔ ስልሳ አራቴ ነው። ቀሪውን አንተ ደምረው።

አሥር ደቂቃ ያስጠበቀችህ፣
አልጋነሽ