ስንት ግራም ክፋት

ጥቅምት 6፣ ሰኞ
ዛሬ አሥራ አንድ ሰው። ፎርም ማስሞላት፣ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ስጎ መመዘን... ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ዶክተሩ የሚያጠናው የተኩስ ጌም ሰውን ጠበኛ ያደርግ እንደሆነ ነው። በዕጣ ግማሹ ሃያ ደቂቃ ሲተኩስ ይቆያል፣ ግማሹ ዓሣ በየቀለሙ ይደረድራል። ሲጨርሱ አንድ ጠርሙስ የሚለበልብ የቃሪያ ስጎና ባዶ ኩባያ አቀርባለሁ። «ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚያቃጥል ነገር የማይወድ ሰው አለ። የቀዳህለትን በሙሉ ይጠጣል። እንደፈለግክ ቅዳለት።» ቀጥሎ ባለው ክፍል ያለው የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ኩባያው ወደ እኔ ይመጣል፣ እመዝነዋለሁ። ክፋት በግራም። አራት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው።

ማታ ታናሽ ወንድሜ እንደ ልማዱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሲተኩስ ደረስኩ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ማተሚያ ቤት ይሠራል።
«ዛሬስ ስንት ፈጀህ?»
«ተይኝ በናትሽ።»
ይኸው። ዶክተሩ ያን ሁሉ ስጎ ከሚገዛ እኛ ቤት መጥቶ ቢያይ ይበቃው ነበር።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ
ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የኔ ተራ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የባልደረባዬ። ማር እላታለሁ፣ በልቤ። ዛሬ ቁጥር ሳስገባ ዋልኩና ስትሠራ አየኋት። ለሚገባው ሁሉ ከወንበሯ ትነሳለች። «ይቀመጡ፣ መንገዱ አደከመዎት? ውሃ ላምጣልዎት?» ሳይንስ ነው እንግዳ መቀበያ? እኔ በአራት ደቂቃ እጨርሳለሁ። ቁጭ በል፣ ፈርም፣ ገመዱን እንዳትነካ። እርስዎ ምናምን እያልኩ ጊዜ አላጠፋም።

ጥቅምት 15፣ ረቡዕ
ወንድሜ ወጣ። ሻንጣውን ይዞ።
እየተጫወተ ሳለ ሶኬቱን ነቀልኩበት። ሦስት ጊዜ ተጣርቼ አልሰማኝም... ምን ላድርግ? «እናታችን ሰው አርጊልኝ ብላ ነበር የሰጠችኝ፣ ሰው ግን አልወጣህም» አልኩት። አዎ፣ ብያለሁ። በሩን በእግሩ መታው፣ ተሰነጠቀ።
«አየህ? ጌሙ ነው አውሬ ያደረገህ።»
ደፍ ላይ ቆሞ፣ «ጌሙ ውስጥ ያሉት እንኳ ሲተኩሱብኝ ምክንያት አላቸው» አለኝ።
ምን ማለቱ ነው? እናታችን ካረፈች ስምንት ዓመት፣ ያስተማርኩት እኔ፣ ሥራ ያስገባሁት እኔ። ይሂድ። ጥናቱ ይለቅና ወረቀቱን በእጁ እሰጠዋለሁ። ያኔ ማን ልክ እንደነበረ ያውቃል።

ጥቅምት 16
አልደወለም። እኔም አልደውልም።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ
መቶ ሃያ ሰው ሞላ። ተኳሾቹ በአማካይ ዘጠኝ ግራም ተኩል። ዓሣ ደርዳሪዎቹ... ዘጠኝ ግራም ተኩል። ለምልክት እንኳ ልዩነት የለም። ዶክተሩ ግን ጌሙ ጠበኛ ያደርጋል ብሎ አስቀድሞ በሬዲዮ ተናግሯል። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን። ወረቀቱን ገለበጠው፣ ከጀርባው ሌላ መልስ ያለ ይመስል።
«በደንብ መዝነሻል?»
«መዝኛለሁ።»
«እንግዲያው በፆታ ክፈይው። በዕድሜ፣ በሰዓት፣ በቀን... ብቻ ልዩነት አምጪልኝ። ደግሞ ለማጣሪያ ጥቂት ሰው ጨምሩ።»
ሳቅሁበት፣ በልቤ። ግን እኔስ? እኔም ልዩነቱን ፈልጌው ነበር። ከእሱ ይበልጥ።

ኅዳር 4፣ ሰኞ
ፆታ፣ ምንም። ዕድሜ፣ ምንም። ቀን...
ማክሰኞና ሐሙስ አምስት ግራም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አሥራ ሁለት። የተኮሰም ዓሣ የደረደረም፣ ያው አሥራ ሁለት።
ሰኞ ሰው ይነጫነጫል፣ ይሁን። ረቡዕስ? ዓርብስ ምን ሆነው ነው? ሚዛኑ ይሆን? ሚዛኑ አንድ ነው። ሁለቴ ደመርኩት።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ
አንድ የባንክ ሠራተኛ መጣ። ጡረታ የደረሰ፣ ከረባት ያሰረ። ዕጣው ዓሣ አወጣለት። ሠላሳ አንድ ግራም ቀዳ። ደንብ እንደጣስኩ አውቃለሁ፣ ግን አላስቻለኝም።
«ያ ምስኪን ምን አደረገህ?»
«የትኛው ምስኪን?»
«እዚያኛው ክፍል ያለው። የሚጠጣው።»
መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱንማ ረስቼው ነበር። እኔ ለእርስዎ ነው የቀዳሁት።»
ለእርስዎ አለኝ። የልጁ ታናሽ ልሆን እችላለሁ። እኔ ከበር ጀምሮ አንተ ስለው ነበር የቆየሁት።
ከወጣ በኋላ ኩባያውን ይዤ ተቀመጥኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች... ሰው በምን እንደሚከፋ ልመዝን ተቀምጬ!

ኅዳር 8፣ ዓርብ
ለዶክተሩ ነገርኩት።
«ልዩነቱ ተገኝቷል።»
«የት ላይ?»
«እኔ ላይ።»
ሠንጠረዡን አየ፣ እኔን አየ። ያዝንልኛል ብዬ ነበር፣ ሞኝ ነኝ። ፊቱ በራ። «ከተኳሾቹ ያንቺን፣ ከዓሣዎቹ የሷን ብቻ ብንወስድስ?»
አሥራ ሁለት ለአምስት። ጌሙ ጥፋተኛ፣ እኔ ነፃ። ለወንድሜ የምሰጠው ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት። አልዋሽም፣ አማረኝ።
«ዶክተር፣ ክፉ ልሆን እችላለሁ፣ ሌባ ግን አይደለሁም» አልኩት።
«የውል ማደሻሽ በኔ ፊርማ መሆኑን አትርሺ» አለኝ።
ስጎውን ጠጥቶት ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ይሄን ያስተማረኝ ጌም አይደለም።

ኅዳር 11፣ ሰኞ
ሰው መቀበሉን ሙሉ በሙሉ ለማር ሰጠኋት። ለምን ስትለኝ ሠንጠረዡን አሳየኋት። «አይ፣ አጋጣሚ ይሆናል» አለች። ደግነቷ ዛሬም ያናድደኛል።

በምሳ ሰዓት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ገና ሲያነሳው፣ «ምን አጠፋሁ?» አለ። ሰላም እንኳ ሳይል። ስምንት ዓመት ስጠራው የሚመልስልኝ ይሄንኑ ነበር፣ ጌም ከመግዛቱም በፊት። እንዴት ሳልሰማው ቀረሁ?
«ምንም አላጠፋህም። ደህና ነህ ወይ? ምሳ በላህ?»
ረጅም ዝምታ። ከኋላው የማተሚያው ማሽን ይሰማል።
«ማን ልበል?» አለኝ።
እህትህ ነኝ አልኩት።