የተዘለሉት አምስት ቀናት

መስከረም 24 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ፀሐይ ወጣች። የሕፃኗን ጨርቅ ሁሉ አጥቤ አሰጣሁ። የሻው ከጋራዥ በጊዜ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ "ሙሴ ኒኮላ ካርቱም ጋራዥ ሊከፍት ነው፤ ከነቤተሰብህ ና ብሎኛል" አለ። ግሪኩ አለቃው ነው። ማኪናው ጥቅምት 20 ይነሳል።

ባሌ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አባባስ? ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ሌላ ማን አላቸው?

መስከረም 25

የሻው በጣቱ ቆጠረ። ልጅቷ የተወለደችው ነሐሴ 3። "ሰማንያ ቀኗ ጥቅምት 22 ነው" አለ። ፊቱ ጠቆረ። "ክርስትና ሳትነሳ ያን የወባ አገር አላሻግራትም። ሙሴን ሁለት ቀን ጠብቀኝ ብዬ ልለምነው።"

ጳጉሜን ዘለላት። አምስቱን ቀን! ሰማንያዋ ጥቅምት 17 ነው። የመርጌታ ልጅ ይሄ ይጠፋታል? አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

መስከረም 29

ሙሴ አልጠብቅም አለ። የሻው ካልሄደ ረዳቱን በላቸውን ይወስዳል። ሙያውን ያስተማረው የሻው ነው።

እራቱን ሳይነካ ተነሳ። "ምነው ዝም አልሽ፣ ሰብለ?"

ዝም ማለት ውሸት ነው? ነው እንጂ።

ጥቅምት 6

አባባ ከቁስቋም መጡ። ባሕረ ሐሳብ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው፣ ጾምና በዓሉን በቃላቸው የሚያወጡ። የሻው "ሰማንያዋ 22 ነው" ሲላቸው በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "እግዜር ያውቃል" አሉ። አላረሙትም። ለምን?

ጥቅምት 15

የልጄ የክርስትና እናት የምትሆነው ታየች የጥምቀት ቀሚሷን አሰፍታ አመጣች። ለ22። ነጭ፣ የመዳፍ ያህል። ይዤው አለቀስኩ። ዝም ካልኩ የልጄ ቀን ያልፋል። በራሴ አፈርኩ።

ጥቅምት 16

ነገርኩት። ጠዋት፣ የሻው ጫማውን ሲያስር።

"ጳጉሜን ረስተሃል። ሰማንያዋ ነገ ነው።"

እንደገና ቆጠረ። "መቼ አወቅሽ?"

"ያኔውኑ።"

"አልሄድም ብትይኝ እኮ እሰማሽ ነበር" አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ዘንድ ሄድኩ። "ነገ ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"እንዳትሄጂብኝ ነዋ። ቁጥር አስተምሬ፣ በስተርጅና ቁጥር ደበቅሁ።" እጄን ያዙና፣ "ባልሽ ሸጋ ሰው ነው። ሂጂ። ያነበብሽልኝ ሁሉ በቃሌ አለ" አሉኝ።

ጥቅምት 17

ተጠመቀች። ወለተ ሚካኤል። የሻው ከደጀ ሰላሙ ስንወጣ፣ "አልሄድም ካልሽ አሁን ንገሪኝ" አለኝ። እሄዳለሁ አልኩ። እውነቴን ነው? ግማሹ... መቅረት የሚፈልገውን ግማሼን ግን አልደበቅሁትም። ነገርኩት።

ጥቅምት 20

ማኪናው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዕቃው እየታሰረ ነው። አባባ በመቋሚያቸው እየዳበሱ እስከ ፒያሳ ሸኙን። የሻው ጉልበታቸውን ስሞ፣ "በሁለት ዓመት እንመለሳለን" አላቸው።

በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ሁለቱንም ጳጉሜ ጨምረው።