ያላየሽው ከተማሽ

ሰናይትዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ መጀመር አልችልም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽሽም። ደህና አይደለሁም። ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ይለኛል፣ ቃሉን ሳይጨርስ ዓይኑ ስልኩ ላይ ይወድቃል፣ እኔም ያ ስልክ ከእጁ ወድቆ እንዲሰበር እመኛለሁ። ጊዜ ይፈውሳል የሚሉኝንም ሰምቻቸዋለሁ። ጊዜ ለእኔ ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ድምፅሽን ማደብዘዝ ነው። በቀደም ስትስቂ እንዴት እንደነበርሽ ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ። መንገድ መሀል ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ባለ ጋሪ ጮኸብኝ።

ቤታችን እዚያው ቱሉ ዲምቱ፣ እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው፤ ተራችን ደርሶ ሲመጣም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። በረንዳው ላይ የተከልሻቸው አበቦች ደርቀዋል። በሰዓቱ፣ በልኩ አጠጥቻቸዋለሁ፤ ደረቁ። ማህሌት ተመርቃ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ሒሳብ ክፍል ገብታለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሚኒባስ ትጋፋለች፣ ደክማ ትገባለች። በላህ፣ በላሽ ተባብለን ወደየክፍላችን እንሄዳለን። ለካ እኔና ልጄ ስናወራ የኖርነው በአንቺ በኩል ነበር። እኔ የተናገርኩትን አለዝበሽ ለእሷ ትሰጫት ነበር፣ የእሷንም አስተካክለሽ ለእኔ። አሁን ቃሎቻችን እንደ ወጡ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ባናወጣቸው ይሻላል ብለን ዝም ብለናል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ኮምፒውተርሽ ነው።

የኩላሊት ሕመምሽ ከምትሠሪበት ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ሲያስወጣሽ፣ ቤት ውስጥ እጅሽ ሥራ እንዳያጣ ብዬ ያን የቢሮ አሮጌ ማሽን ገዛሁልሽ። ቤት ትነድፊበታለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ግን ማህሌት የጫነችልሽን የከተማ ግንባታ ጌም አገኘሽና በዚያው ቀረሽ። ጎረቤቶቻችን ትልቅ ሴት ጌም ትጫወታለች ብለው ሲስቁ አብረሽ ትስቂ ነበር። ከደም እጥበት ስትመለሺ ጥቂት ጋደም ትዪና፣ ትራሱን ከወገብሽ ኋላ አድርገሽ ትቀመጪያለሽ። መንገድ ታወጫለሽ፣ የውሃ ቧንቧ ትዘረጊያለሽ፣ ወንዝ ላይ ድልድይ ትጥያለሽ፣ ስሕተት ሆኖ ካገኘሽው አፍርሰሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። እኔ ሻዬን ይዤ ከኋላሽ ቆሜ የድልድዩ ምሰሶ ይቀጥናል እልሻለሁ። "ይሄ ጌም ነው፣ አይወድቅም" ትይኛለሽ። እኔም በጌምም ቢሆን ቀጭን ቀጭን ነው እልሻለሁ። በማግስቱ ወፍሮ አገኘዋለሁ።

ከተማሽ ባደገ ቁጥር ማሽኑ ደከመ። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የምታወጣው ሰሌዳ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሏት፣ ያረጀች ነበረች። ማራገቢያዋ ይጮህ ጀመር። አንቺም ማሽኑ እንዲቀለው ብለሽ መጀመሪያ ጥላውን አጠፋሽ፣ ቀጥሎ የወንዙን ውሃ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን። ሰዎቹ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ሆኑ። ከተማውን በሙሉ ለማየት ወደ ላይ ስትወጪ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ ሰፈር ሠርተሽ ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ እንጂ ሁሉንም በአንድ ላይ አይተሽው አታውቂም። አንድ ከሰዓት፣ ምስሉ እንደለመደው ደርቆብሽ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንስተሽ፣ "አንድ ቀን ከላይ ሆኜ ሙሉውን ባየው" አልሽ። ካርድ ልንገዛ ተስማምተን ነበር። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ያለንን ሁሉ ወሰደ። መውሰዱ ትክክል ነበር፤ የሚያበግነኝም ትክክል መሆኑ ነው። የምቆጣው ሰው እንኳ አላገኘሁም።

ከቀብር በኋላ ኮምፒውተሩን አልነካሁትም። የሙት ዓመትሽ ሰሞን ማህሌት ከፈተችው። ስክሪኑ አረንጓዴ መስመር በመስመር ሆነ፣ እንደ ተቀደደ መጋረጃ ተርገበገበና ጠቆረ። ደግማ ብትሞክርም ያው። በቀብርሽ ቀን ያላለቀሰችው ልጅሽ ያን ቀን አለቀሰች። ካርዱ እየሞተ እንደሆነ ገባኝ። ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንገልብጠው ብለን ዲስኩን አውጥተን የጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ ሞከርን፤ አንቺ ከየቦታው እየሰበሰብሽ የጨመርሻቸው ቤቶችና ዛፎች ስላሉበት አልከፈትም አለ። ከተማሽ ያለው እዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ ጠፋ።

ስለዚህ አቅፌው ሳሪስ ወረድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ፣ "ፋዘር፣ ለሱም ይከፈላል" አለኝ። ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ እናት ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። የሚስቴ ነው አልኳቸው፤ ሌላ አልጠየቁኝም።

አሁን የምነግርሽን ብትሰሚ በእኔ ቁጣ ትስቂ ነበር። ገና ሱቅ ሳልገባ፣ ገና ማሽኑን ከእጄ ሳላስቀምጥ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ፎርማት እናድርገው። ማሽኑ ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢጮህ ፎርማት፣ ባይነሳ ፎርማት። ውስጡ ያለውን ጠርጎ አጥፍቶ ከባዶ መጀመር የዚህ ከተማ መድኃኒት ሆኗል። መስመሩ የሚታየው ማሽኑ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይጀምር ነው አልኳቸው፤ ያልጀመረውን ብታጠፉት ምን ይድናል? አንዱ እንዲያውም እኔን ለማስደሰት ብሎ፣ ሁሉንም አጥፍቼ አዳዲስ ጌሞች እሞላልዎታለሁ፣ በነፃ አለኝ። እጁ ወደ ማሽኑ ሲዘረጋ እጁን መታሁት። አዎ፣ መታሁት። አቅፌው ወጣሁ። ጠፍተው አዲስ ስለተሞሉ ነገሮች የማውቀው ይበቃኛል፤ ሰው ሌላ ሚስት አግባ እንደሚለኝ አልነገርኩሽም።

በመጨረሻ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ሱቅ ገባሁ። ጠባብ ሱቅ ነው፤ እሱ ሲነሳ ደንበኛው መውጣት አለበት። ጌም የሚያስኬድ ካርድ እፈልጋለሁ ስለው ሽበቴን አይቶ፣ "ጋሼ፣ በስተርጅና ነው የጀመሩት?" አለኝ። የማን እንደሆነና ውስጡ ምን እንዳለ ነገርኩት። ቀልዱን ተወ። አላህ ያጽናዎት አለኝና ቀጥሎ፣ "የሟች ሥራ ያለበት ማሽን ላይ ፎርማት የሚል ቃል እዚህ አይነሳም" አለ። እንደዚያም ሆኖ አላመንኩትም። ተውትና ነገ ይምጡ ሲለኝ እምቢ አልኩ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ በርጩማ አምጥቼ ሱቁን እስኪዘጋ እጁን ስጠብቅ ዋልኩ፣ ሲዘጋ አቅፌው ወደ ቤት፣ በማግስቱ አቅፌው ወደ ሱቁ። እንደማላምነው ሲገባው ከፋው። አንተን ብቻ አይደለም፣ ማንንም አላምንም አልኩት። ከዚያ በኋላ ቁርሱን ሲያስመጣ ለእኔም ማስመጣት ጀመረ።

ያመጣልኝ ካርድ ያገለገለ ነው። ቀንና ሌሊት ሲሠራ የኖረ ሊሆን እንደሚችል ራሱ ነገረኝ። ሱቁ ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን ላይ አስገጥሜ፣ ሙቀቱን እያየሁ፣ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ አስፈተንኩት። ከእኛ ማሽን ሲገባ ግን ፍክት አለና ድርግም አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚያድለው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ አልቻለውም። እሱም ተቀየረ። ርዝመቱን በካሊፐር ለክቼ ነበር፣ ልክ ይገባል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከጫፉ ላይ እንደሚሰካና ለመታጠፍ ቦታ እንደሚፈልግ ግን አላሰብኩም። ያን ያህል ዓመት ማሽን ስገጥም የኖርኩ መሐንዲስ! ሸምሱ ሳጥኑን እንቀይር አለ። ሳጥኑን አልቀይርም። ግንባሩ ላይ ማህሌት ተማሪ ሳለች የለጠፈችው ቢራቢሮ አለ፣ የማብሪያው ቁልፍ በጣትሽ ተፍቋል። ቤት ወሰድኩት፣ ውስጡን በሙሉ አወጣሁ፣ ገመዱን የከለከለውን የብረት ጠርዝ በሞረድ ሞረድኩት። ስሞርድ ማህሌት ከክፍሏ ወጥታ ሳትጠየቅ ብረቱን ያዘችልኝ። ብናኙን በብሩሽ የጠረገችውም እሷ ናት። ከቀብርሽ ወዲህ አብረን የሠራነው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው።

ከዚያ ከፈትነው።

ሰናይትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ጠርቶ መጣ። ማህሌት ያጠፋሽውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰችው። ጥላው በየግድግዳው ወደቀ። ወንዙ ውሃ ሆነ፣ ድልድይሽ ውሃው ላይ ታየ። የሰሊጥ ፍሬ የነበሩት ሰዎች ልብስ ነበራቸው፤ አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛለች፣ አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ማህሌት ወደ ላይ አወጣችን፣ ከፍ፣ ከፍ፣ ምስሉ አልደረቀም። ከተማሽ በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአንድ ላይ ታየ።

የታየው ለእኔ ነው። ይሄን ማን ይቅር ይለዋል? አንቺ ሠራሽው፣ አንቺ ለመንሽው፣ ያየሁት እኔ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፣ ማህሌት ደነገጠች። ለመገልበጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ማሽኑን፣ ካርዱን፣ ሁሉንም።

ያን ጊዜ አንድ ቤት ሲፈርስ አየሁ። ከወንዙ ማዶ፣ አንቺ ካቆምሻቸው ቤቶች አንዱ፣ ብድግ ብሎ ጠፋና በቦታው ረጅም ሕንፃ መቆም ጀመረ። ማን አዘዘው ብዬ ጮህኩ። ማህሌት ማንም አላዘዘም አለችኝ፤ ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ከተማው በራሱ ያድጋል፣ ያረጀው ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል። አቁሚው አልኳት። አንድ ቁልፍ ነካች፤ ሁሉም ቆመ። መኪናው መንገድ ላይ፣ ሴትዮዋ አንድ እግሯን እንዳነሳች።

ከዚያ ወዲህ ቆሟል። ከሥራ ስመለስ እከፍተዋለሁ፣ የቆመውን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ማንም ምንም እንዲነካ አልፈቅድም። እንደዚህ ስሆን ልጅሽ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ትናንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ "አባዬ፣ እማዬ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አቁማው አታውቅም" አለችኝ። አንቺ እንደተውሽው ያለውን የከተማውን ቅጂ ለብቻ እንደምታስቀምጥልኝም ነገረችኝ። ከፈለግክ ሁልጊዜ ተመልሰህ ታየዋለህ አለች፣ እንደ ፎቶ።

ፎቶ ሞልቶኛል አልኳት። ግን ቃሏ አልለቀቀኝም፣ ምክንያቱም እውነት ነው። እንደገና ከላይ ሆኜ አየሁት። ያን ጊዜ ነው መንገዶችሽ እንደሚጎብጡ ያስተዋልኩት። ዋና ዋናዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው መጥተው፣ ተራ የሆነ ቤት ፊት ሲደርሱ ጎበጥ ብለው ዞረው ያልፋሉ። ንድፍ የሚያውቅ ሰው ስሕተት ነው ይላል፤ አንቺ ደግሞ ሥራሽ ላይ ስሕተት አትተዪም ነበር። ማህሌት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምክንያቱ የሴት አያቷ፣ የእናትሽ ግቢ እንደሆነ ነገርኳት። አቃቂ በሰቃ የነበረው፣ የመንገድ ቀያሾች በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምሩ በመሀሉ አልፈው ያስፈረሱት። እናትሽ ተከራይተው በሄዱበት ቤት ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። አንቺ በዚያ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልቅሰሽ አላየሁሽም፤ ለካ መንገድ ታጎብጪ ነበር። ይሄን ለልጃችን ስነግራት ረጅም ጊዜ አወራን። የሰፈሩን ስም፣ የግቢውን በር፣ በር ላይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ የነበረበትን ጊዜ። ሳቅሽን ራሷ አስመስላ አሳየችኝ። አልተሳካላትም፤ ግን እንዴት እንዳልተሳካላት ሳይ ትክክለኛው መጣልኝ።

ከዚያ ቁልፉን ራሴ ነካሁት። ሴትዮዋ እግሯን አሳረፈች። መኪኖቹ ሄዱ።

ተስፋ አገኘሁ ብዬ አልዋሽሽም። ከተማሽ በየቀኑ ከአንቺ እየራቀ ይሄዳል፣ እኔም እያየሁት እናደዳለሁ፣ ማህሌት ታረጋጋኛለች ወይም አታረጋጋኝም። ቤቶችሽ እየወረዱ ሌሎች ይቆማሉ፤ አንድ ቀን አንቺ በእጅሽ ያቆምሽው ቤት ላይቀር ይችላል። ቅጂው መንገዱን ይይዘዋል፤ ለምን እንዳጎበጥሽው ግን አይዝም። ያን የምይዘው እኔ ነኝ። ቀጥ ላድርገው የሚል ቢመጣ እጁን እመታዋለሁ። እኔ ስሄድ ደግሞ ለምን እንደሆነ የምታውቅ አንድ ሰው ትቼ እሄዳለሁ፤ ነግሬያታለሁ፣ እንዳትረሳውም ደጋግሜ እነግራታለሁ።

ያንቺው፣
የማህሌት አባት